በወረራ ወይስ በተራ?

አንድን ስትራቴጂ ጌም የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው። በአሳፋሪ መንገድ ማሸነፍ ይቻልበታል ወይ? ማሸነፍማ በሁሉም ይቻላል። ያኛው ድል ያኮራል፣ ይኼኛው ያሳፍራል ብሎ የሚለይ ጌም ግን ከሃያ ዓመት በላይ ስጫወት ያገኘሁት ጥቂት ነው። ግራፊክሱ ቢያምር፣ ካርታው ቢሰፋ፣ ሙዚቃው ቢያባባ፣ ይኼ ከጎደለው ሁለት ሳምንት አይቆይልኝም፤ ከሃርድ ዲስኬ ላይ ይነሳል።

መመዘኛውን ያመጣሁት ከኮምፒውተር አይደለም። ከሰንጠረዥ ነው።

የድሮው የእኛ ሰንጠረዥና ዛሬ ቼስ የምንለው ጨዋታ የአንድ አያት ልጆች ናቸው። ቤቱ ያው 64 ነው፤ ነጭና ጥቁር ግን አይፈራረቅበትም፤ ቀይ ጨርቅ ላይ መስመር ይሰመራል፣ አለቀ። ተሰላፊዎቹ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና ሜደቅ ይባላሉ፤ ፊል ዝሆን ነው፣ ደር የዛሬው ካስል፣ ሜደቅ ደግሞ ተራ ወታደሩ። ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ በትግራይ በራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ ሲጫወቱት አይቶ እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው መጽሐፉ ጠቅሶታል፤ በኋላ ቆንሲሉ ዋልተር ፕላውደን ዘርዘር አድርጎ ጻፈው፤ ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 የተበታተነውን ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ጥናት አስቀመጠልን። እነሱ ባይጽፉት ኖሮ ደንቡን ዛሬ የሚነግረን ሰው ማግኘታችንን እንጃ።

ታዲያ የደንቡ ግማሽ አካሄድ ነው፣ ግማሹ ወግ። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል ይነሳሉ፤ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ ደስ ያለውን ያህል ጊዜ፣ ደስ ያለውን ያንቀሳቅሳል። የመጀመሪያው ተሰላፊ እስኪበላ ድረስ እንዲህ ነው። ይኼ ክፍል ስሙ ወረራ ነው። እጅህ እያንቀሳቀሰ ዓይንህ የባላጋራህን እጅ ይከተላል፤ እሱ ፈረሱን ሲያወጣ አንተ ያሰለፍከውን መልሰህ ታፈርሳለህ። አንድ ተሰላፊ ከተበላ በኋላ ግን ጨዋታው ይሰክናል፤ ከዚያ በኋላ በተራ ነው።

ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ የሚጫወት ሰው ይኼን ሲሰማ ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ “ይኼማ አር ቲ ኤስ ነው!” አዎ፣ ነው። የዓለም ተጫዋች ሁሉ “ሪል ታይም ይሻላል ወይስ ተርን ቤዝድ?” እያለ ሲከራከር የኖረበትን ነገር የእኛ ሰዎች በአንድ ጨርቅ ላይ አስታርቀውት ነበር። ሰልፉ በወረራ፣ ውጊያው በተራ።

እኔን የያዘኝ ግን የአጨራረሱ ወግ ነው። በደር ወይም በፈረስ ብቻ ንጉሡን ማት ያደረገ ሰው አሸነፈ ይባላል እንጂ አይመሰገንም። በፊል የጨረሰ ይደነቅለታል። በሜደቆች፣ ማለትም በተራ ወታደሮች፣ አጅቦ የያዘው ደግሞ ስሙ ይነሳል። የባላጋራን ሠራዊት አንድ ሳያስቀሩ በልቶ ንጉሡን ብቻውን ካስቀሩት በኋላ ማት ማድረግ የለም፤ ስግብግብ ሰው ድሉን በገዛ እጁ ያጣል። ተመልካቹም ዝም ብሎ የሚቀመጥ አይደለም። ይጮኻል፣ ይመክራል፣ አንዳንዴም እጁን ይሰዳል። የአሸናፊው ማንነት የሚታወቀው በሰሌዳው ላይ በቀረው ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ባለው ሰው አፍ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሚዛን የኮምፒውተሮቹን እንያቸው። ለኢትዮጵያ ቦታ በሰጡት ላይ አተኩራለሁ፤ ሚዛኑ በደንብ የሚታየው እዚያ ነውና።

ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሁለት እ.ኤ.አ. በ1999 ሲወጣ እኛ አልነበርንበትም። የገባነው አፍሪካን ኪንግደምስ በተባለው ተጨማሪ በ2015 ነው። ጌሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወረራ ነው። መንደርተኛ ታወጣለህ፣ እንጨት ታስቆርጣለህ፣ በግ ታሳርዳለህ፣ ሰፈር ትሠራለህ፤ ጠላትም በዚያው ደቂቃ ያንኑ ያደርጋል። ፈጣን እጅ ላለው ሰው ከዚህ የበለጠ ደስታ የለም። እኔም ለዓመታት ደስ ብሎኛል። ብቻ መብራት በሚሄድበት አገር ወረራ የሚባል ነገር ፈተና አለው። አርባ ደቂቃ የገነባኸውን ሰፈር አንድ ብልጭታ ይወስደዋል፤ ላፕቶፑ ባትሪ ቢኖረው እንኳ ከጓደኛህ ጋር የሚያገናኝህ መስመር አብሮ ይጠፋል። ብዙዎቻችን በተራ ወደሚሄዱት ጌሞች ያደላነው በፍልስፍና ነው ብዬ አላጋንንም። በተራ የሚሄድ ጌም ራሱን ሴቭ ያደርጋል፤ መብራት ሲመጣ ንጉሥህ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። የአንድ አካባቢ ተጫዋች ምርጫ በኤሌክትሪክ ምሰሶ ይወሰናል ቢባል የሚስቅ ይስቅ።

ከኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ጋር ያጣላኝ ሌላ ነገር እንጨቱ ነው። በዚያ ጌም የተቆረጠ ዛፍ አይበቅልም። ጫካው ወደ ኋላ እየሸሸ፣ መንደርተኛው እየተከተለው፣ መጨረሻ ላይ ካርታው ራሰ በራ ይሆናል። እርሻው ራሱ የሚሠራው በእንጨት ነው፤ 60 እንጨት ከፍለህ ትዘራለህ፣ ሲያልቅ እንደገና ትከፍላለህ። አሁን ይኼን ለአዊ ገበሬ አስረዱት! ፋግታ ለኮማ ላይ ገበሬው ዲከረንስ ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሀል ጤፍ ይዘራል፣ ቀጥሎ ሣሩን ያጭዳል፣ በአራትና በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ከሰል ያከስላል፣ መሬቱንም መልሶ ያርሳል፣ ይተክላል። በዚህ ምክንያት የወረዳው የዛፍ ሽፋን ጨምሯል። በቅርብ ዓመታት ቅጠሉን የሚያደርቅ በሽታ ገብቶበት ብዙ ሰው ጎድቷል፤ ያም ሆኖ ይኼ እንኳን ከጌሙ ይልቅ ስትራቴጂ ነው፤ አምስት ዓመት ወደፊት አስልተህ ተክለህ፣ በማታየው በሽታ ተሸንፈህ፣ ቀጥሎ ምን ልትከል ብለህ የምታስብበት። አብዛኛው ስትራቴጂ ጌም መሬትን የሚያውቀው የሚበላና የሚያልቅ ነገር አድርጎ ነው። ገበጣ እንኳን፣ ፍሬውን እያዞርክ የምትዘራበት የልጅነት ጨዋታችን፣ ከዚህ ይሻላል።

ፈረሱስ? በዚሁ ጌም ኢትዮጵያውያን የቀስተኛ ሕዝብ ናቸው። ቀስታቸው ከሌላው ቀልጠፍ ይላል፤ ሾተል የያዘው ልዩ ወታደራቸው ፈጥኖ ይወጣል፣ ክፉኛ ይመታል፣ ፈጥኖም ይሞታል። ይኼ ባልከፋ። ፓላዲን የሚባለው የመጨረሻው ከባድ ፈረሰኛ ግን አይሰጣቸውም፤ ፈረሰኛ የሚፈልግ ሌላ ሕዝብ ይምረጥ ማለት ነው። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር፣ ያን ሁሉ ያጌጠ ፈረስ ያየ ሰው ይኼን ምርጫ በዝምታ አያልፈውም። ንድፍ ሠሪዎቹ ለሚዛን ሲሉ አንዱን ሰጥተው ሌላውን ነስተዋል፤ ይገባኛል። የተነሳው ግን እኛ በዓል የምናከብርለት ሆኖ ተገኘ።

በዚያው ተጨማሪ ውስጥ የዮዲት ዘመቻ አለ። አምስት ምዕራፍ ነው። ከአክሱም ተባርራ፣ ተሰድዳ፣ አግብታ፣ ጦር ይዛ ትመለሳለች፤ ጦሯን የምታዘው አንተ ነህ። እዚህ ላይ ጌሙ ራሱ የማያውቀው ነገር ይሆናል። ዴንማርክ ወይም ብራዚል ያለ ተጫዋች የበቀል ታሪክ ይጫወታል፣ ያሸንፋል፣ ይተኛል። እኛ ግን ጉዲት የሚለውን ስም ከእናቶቻችን አፍ የሰማን ሰዎች ነን፤ ቤተ ክርስቲያን ያቃጠለች፣ አክሱምን ያፈረሰች። ታሪክ ጸሐፊዎች ደግሞ ማንነቷን ሲፈልጉ አንዳንዱ ወደ አገው፣ ኮንቲ ሮሲኒን የመሰለው ወደ ዳሞት ይወስዳታል፤ በሁለቱም መንገድ ወደ እኛ ሰፈር ትቀርባለች። ስለዚህ የመጨረሻውን ምዕራፍ ስታሸንፍ “ድል” የሚለው ጽሑፍ ይወጣል፣ አንተ ደግሞ ምን እንደሚሰማህ አታውቅም። ኩራት ነው? ወይስ እናትህ ሰምታ ብትሆን ምን ትል ነበር ነው? ከዚያ ጌም ሁሉ እኔ ደጋግሜ የተመለስኩበት ይኼ ነው። ድሉ ክብደት አለው፤ ክብደቱን ያመጣው ግን ተጫዋቹ ነው።

ወደ ሲቪላይዜሽን እንሂድ፤ እሱ የተራ ጌም ነው። ኢትዮጵያ የገባችበት እ.ኤ.አ. በ2007 በአራተኛው ጌም ተጨማሪ ነው፤ መሪው ዘርዓ ያዕቆብ ነበር። በአምስተኛው፣ በ2012፣ ኃይለ ሥላሴ ሆኑ። በስድስተኛው፣ በ2020፣ ምኒልክ። ሦስት ጊዜ፣ ሦስት ንጉሥ፣ ሦስት ኢትዮጵያ።

የአምስተኛው ንድፍ እስከ ዛሬ ካየኋቸው ሁሉ ይበልጥብኛል። ችሎታዋ የዓድዋ መንፈስ ይባላል። ካንተ የበለጠ ከተማ ካለው ሕዝብ ጋር ስትዋጋ ሠራዊትህ 20 በመቶ ይበረታል። ይኼን ትንሽ ደንብ አንድ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስቡት። ሌላው ሕዝብ ሁሉ ሲሰፋ ይጠነክራል፤ እየጠነከረ ይሰፋል፤ ከጨዋታው ግማሽ በኋላ ማን እንደሚያሸንፍ ታውቆ ቀሪው ሥራ ብቻ ይሆናል። ኢትዮጵያ ግን ስትሰፋ በረከቷን ታጣለች። ከሰንጠረዡ ወግ ጋር የሚገጥመው ይኼ ነው፤ ስግብግቡ የሚቀጣው በሌላ ሰው ሳይሆን በራሱ ድል ነው። መሐል ሰፋሪ የሚባለው ጦሯም ከዋና ከተማው በራቀ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል። ቤትህን ጠብቅ ይልሃል ጌሙ።

እንደ ታሪክ ካየነው ግን ያነክሳል። የዓድዋ ዕለት፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በቁጥር ብዙው እኛ ነበርን። ከባራቲዬሪ ጋር 17 ሺህ ገደማ ወታደር ነበር፤ ከምኒልክ ጋር ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ። ያን ያህል ሰው ከየአውራጃው ጠርቶ፣ አብልቶ፣ እስከ ትግራይ ተራራ ማድረስ ነው ተአምሩ። ያን የሚያደርገው ደግሞ ትንሽ መንግሥት አልነበረም፤ እየሰፋ የነበረ መንግሥት ነው። የጌሙ ሰዎች ዓድዋን ያነበቡት ትንሹ ዳዊት ትልቁን ጎልያድ የጣለበት አድርገው ነው። እኛም ብንሆን በዓሉ ላይ እንዲህ እያልን እንናገረው የለ? ቆንጆ ደንብ በተሳሳተ ንባብ ላይ ተሠርቶ ሊያምር እንደሚችል ከዚህ ጌም የተሻለ ማስረጃ የለኝም።

ስድስተኛው ጠንቃቃ ነው። ምኒልክ ኮረብታ ላይ የሚዋጋ ጦሩ 4 ነጥብ ይጨመርለታል፤ ኮረብታ ላይ የቆረቆራቸው ከተሞች ከሃይማኖት ገቢያቸው 15 በመቶውን ያህል ሳይንስና ባህል ያገኛሉ። ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ኮረብታ ወይም እሳተ ገሞራ ያረጀው አፈር ላይ ይሠራል፤ በዙሪያው ባለው ተራራና ኮረብታ ልክ በረከቱ ይጨምራል። የዘንገናን ሐይቅ ዙሪያ የሚያውቅ ሰው ካርታው ላይ የሚሠራበትን ቦታ ለማግኘት አይቸገርም። በዚያ ላይ ሙዚየምና አርኪዮሎጂስት በሃይማኖት ገቢ መግዛት ይቻላል፤ እንዲህ ያለ ቅዱስ ሙስና ሌላ ጌም ላይ አላየሁም።

ግን ቁጠሩልኝ። የችሎታው ስም የአክሱም ቅርስ ነው። መሪው የሸዋው ምኒልክ ናቸው። ፈረሰኛው የኦሮሞ ፈረሰኛ ይባላል፣ ኮረብታ አያዘገየውም፣ ሸጋ ነው። አለቱስ? አለቱን የፈለፈሉት የዛጉዌ ነገሥታት፣ አገዎቹ ናቸው። ከአራቱ የጨዋታው ምሰሶዎች አንዱ የእጃቸው ሥራ ነው፣ ስማቸው ግን ከምሰሶዎቹ በአንዱም ላይ የለም። አገውኛ በሚነገርበት ምድር ተቀምጦ ይኼን ጌም የሚጫወት ልጅ ቤተ ክርስቲያኑን ጠቅ አድርጎ ይሠራል፣ በረከቱን ይሰበስባል፤ “የማን ነው?” ቢሉት የምኒልክ ነው ይላል። ጌሙ እንዲያ ብሎታልና። ለዚህ ነው ስለ ስትራቴጂ ጌም መጻፍ የልጅ ነገር የማይመስለኝ። የትምህርት ቤት መጽሐፍ የሚነበበው ለፈተና ነው፤ ሲቪላይዜሽን ግን ሌሊቱን ሙሉ ይነበባል።

ስለ ስም ካነሳሁ አይቀር፤ እነዚህ ጌሞች ሁሉ ከስክሪኑ አናት ላይ የወርቅ ቁጥር አላቸው፣ ትሬዠሪ ይሉታል። በአማርኛ ግምጃ ቤት ነው። ያለሁባት ከተማ ስም። አንድ ቀን አንዱ ጌም ወደ አማርኛ ተተርጉሞ “ግምጃ ቤት ባዶ ነው” ሲል የምንስቀው እኛ ብቻ ነን።

ሦስተኛው ሃርትስ ኦፍ አይረን አራት ነው። ከባድ ጌም ነው፤ ሰው ሁሉ አይወደውም። የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1936 ሲሆን ኢትዮጵያን የመረጠ ሰው ከመጀመሪያዋ ሰዓት ጦርነት ውስጥ ነው። በ2022 የወጣው ባይ ብለድ አሎን የተባለው ተጨማሪ ለኢትዮጵያም ለጣሊያንም የራሳቸውን መንገድ ሠራላቸው። ማይጨው ሦስት ወር ይቀረዋል። የሚያውቀው ሰው ጀርባው ላይ ይቀዘቅዘዋል፤ ቀኑን እያየ ነው የሚጫወተው። ተራራው አጥቂውን ያዳክማል፣ ታንኩ ይንገታገታል፣ ስንቅ አይደርስም፤ ይኼን ሁሉ በትክክል ሠርተውታል። አዲስ አበባን ማዳንም ይቻላል፤ ያዳኑ አሉ፤ ቪዲዮውን ስታይ እንባ የሚመጣበት ሐበሻ አይጠፋም።

ጌሙ ሕዝብን የሚያውቀው ግን ማንፓወር በሚል ቁጥር ነው። ስንት ወታደር ይወጣዋል፣ ስንት ቀረ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሆነው ነገር በዚህ ቋንቋ ቢጻፍ ከጥግ ላይ የምትቀንስ አንዲት አኃዝ ነው። የሰንጠረዡ ተመልካች፣ ያ የሚጮኸው፣ እዚህ የለም። ያሸነፍክበትን መንገድ አይቶ “ኧረ በስማም!” የሚልህ የለም።

ሁለተኛው ክፍተት ከእኛው ደጃፍ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1941 መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ሲገቡ፣ ጌዲዮን የተባለው የዊንጌት ጦር ከሱዳን ተነስቶ ወደ ጎጃም መጣ። ሱዳናዊና ኢትዮጵያዊ ወታደር ሆኖ ሁለት ሺህ ገደማ ቢሆን ነው። ጓዙን የጫኑት ግመሎች በደጋው ብርድና አቀበት አብዛኞቹ አለቁ። በፊቱ ያለው የጣሊያን ጦር በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል፤ ምሽግ አለው፣ መድፍ አለው፣ አውሮፕላን አለው። ሆኖም ጣሊያን ዳንግላን ለቀቀ፣ እንጅባራን ለቀቀ፣ በየካቲት መጨረሻ ቡሬን ለቀቀ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ የገቡት በዚያው ዓመት ሚያዝያ 6 ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ምን ሆኖ? አርበኛው ለዓመታት ከምሽግ ውጭ አላስወጣው ብሎ ነበር። በዚያ ላይ የመጣው ጦር ከእውነቱ በብዙ የበለጠ መሰለው፤ ሌሊት ከዚህም ከዚያም እየተኮሱ፣ ወሬ እየነዙ፣ የሌለ ጦር አሳዩት።

ይኼን በሃርትስ ኦፍ አይረን ሞክሩት። ሁለት ሺህ ሰው አንድ ዲቪዥን አይሞላም። የጣሊያኑ ኮምፒውተር ደግሞ ወሬ አይሰማም፤ ቁጥር ነው የሚያየው። ጌሙ ደረጃው ከፍ ሲል ብልህ አይሆንም፤ ሲቪላይዜሽንም እንዲሁ ነው፤ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ያለው ባላጋራ ካንተ የበለጠ አያስብም፣ ከመጀመሪያው የበለጠ እህልና ወርቅ ይሰጠዋል እንጂ። የማይፈራ ባላጋራን ማታለል አይቻልም። የዳንግላና የቡሬ መንገድ የተከፈተው ግን በፍርሃት ነው። ወረራው ላይ፣ ተራ ከመጀመሩ በፊት፣ በሰልፍ ብቻ ባላጋራህን ግራ የምታጋባው ያንን ነው።

ከአገራችን ሠሪዎች የምጠብቀው ለዚህ ነው። ቅኔ የተባለው ድርጅት ኩኩሉንና ገበጣን ለስልክ ሠርቶ አሳይቷል፤ ጥሩ ጅምር ነው። እኔ ሰንጠረዥን እፈልጋለሁ፤ ከነወረራው፣ ከነወጉ። ወረራው በኔትወርክ ሲሆን እጅ የፈጠነው ብቻ እንዳያሸንፍ እንዴት ይደረጋል? ለወጉ ነጥብ ይሰጠው ወይስ ተመልካች ይፍረድ? ተመልካቹ ቢፈርድ ይሻላል እላለሁ። ነጥብ ከሆነ ነጥቡን ማሳደድ ይመጣል፤ ሰው ሲያይህ ግን ሌላ ነው።

እስከዚያው ከአምስተኛው ሲቪላይዜሽን ጋር ነኝ። አሁን የያዝኩት ጨዋታ ላይ 4 ከተማ አለኝ፣ ጎረቤቴ ኦስትሪያ 11 ነበረው፤ ጦርነቱን የጀመረው እሱ ነው። ሁለት የድንበር ከተማ ወስጄበታለሁ፤ 6 ለ9 ሆነናል። መድፌ ሦስተኛዋን ለመምታት ደርሷል። ሦስተኛዋን ብይዝ 7 ለ8፣ በረከቱ ገና አለ። አራተኛዋን ብይዝ 8 ለ7፤ ያኔ ዓድዋ ከእኔ ላይ ይነሳል። ከአጠገቤ ተቀምጦ የሚያየኝ ልጅ ግን አምስተኛዋን ነው የሚያሳየኝ።